ቅርንጫፍ ሲሻገር፦ የፍራፍሬ ማዳቀል ከመርጡለ ማርያም እስከ ቢቸና ጓሮ

ቢቸናና ሞጣ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ አንድ ቁራጭ አያጣም። አንዱ «ከጨንቻ የመጣ ነው» ተብሎ በውድ የገዛው አፕል በየዓመቱ እያበበ ፍሬ ሳይዝ መቅረቱን ያወራል። ሌላው ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ በወሰደው አቮካዶ የጁስ ቤት ደንበኛ አፍርቷል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «በእኛ ጊዜ ዛፍ ይዘራል እንጂ ይጣበቃል እንዴ?» ይላሉ።

ማዳቀል፣ ባለሙያውም ገበሬውም እንደሚለው ግራፍት ማድረግ፣ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላው ዛፍ ግንድ ላይ አጣብቆ ማሳደግ ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከ2,000 ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። እጁ የቀና ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለምደዋል። እንዲህ ቀላል ከሆነ ምሥራቅ ጎጃም ጓሮ ለመድረስ እስከ ትናንት የዘገየው ለምንድን ነው? መልሱን ቢላዋው ላይ ብንፈልገው አናገኘውም። ዛፉ የቆመበት መሬት ነገ የማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ላይ ግን በየዘመኑ እናገኘዋለን።

ከ1500 እስከ 1870ዎቹ፦ ዛፍ የሚዘራበት ዘመን

ነገሩን ከሞጣ ብዙ ከማይርቀው ከመርጡለ ማርያም እንጀምር። ይህን ደብር በታላቅ ሕንፃ ያስጌጠችው ንግሥት እሌኒ፣ በ1500ዎቹ መግቢያ ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርጋ ወደ ፖርቱጋል ላከች። የመልእክቱ ምላሽ ሆኖ በ1512 ዓ.ም ምፅዋ ከደረሰው የፖርቱጋል ልዑክ ጋር ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጣ። በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከመዘገባቸው ፍራፍሬዎች ኮክና ወይን ይገኙበታል። እንግዲህ ኮክ ለሐበሻ ጓሮ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ ቢያንስ 500 ዓመት ኖሮበታል።

በጣና ዳር የሎሚ ታሪክም የቆየ ነው። የዘጌ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ከፍለው ቢተክሏት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆና በቀለች ይላል። ትውፊቱ ስለ ገዳሙ ጓሮ እውነተኛ ነገር ይነግረናል፤ መነኮሳቱ የሚንከባከቡት እነዚህን ሦስቱን ነበር። ትርንጎውም፣ ሎሚውም፣ ኮኩም በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በባላባት ጓሮ ከፍሬው እየተተከለ ከትውልድ ትውልድ ተላለፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ የተፈጥሮ ነገር ካላየን የኋላው ታሪክ አይገባንም። ሎሚ ከዘር ሲበቅል ብዙውን ጊዜ እናቱን ራሷን ይሆናል፤ በአንዱ ዘር ውስጥ ከአንድ በላይ ፅንስ ይኖራል፣ አብዛኞቹም ከእናቲቱ አካል የወጡ ናቸው። ኮክ ደግሞ አበባው በራሱ ብናኝ ፍሬ ስለሚይዝ ልጁ ከእናቱ እምብዛም አይርቅም። ጥሩ ሎሚ የበላ ሰው ፍሬውን ቢቀብር ጥሩ ሎሚ ይበቅልለታል። ስለዚህ የጎጃም ጓሮ ማዳቀልን አላወቀም ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ያሉት ዛፎች ማዳቀልን አይጠይቁም ነበር።

ሐሳቡማ በመጽሐፍ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ስለ ዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ መጣበቅ ይናገራል። ይህን መልእክት እነ ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን በመሰሉ የትምህርት ደብሮች ሊቃውንቱ በትርጓሜ ሲያፍታቱት ዘመናት አልፈዋል። የሚገርመው ጳውሎስ ምሳሌውን የገለበጠው መሆኑ ነው፤ አትክልተኛ መልካሙን በዱሩ ላይ ያጣብቃል እንጂ ዱሩን በመልካሙ ላይ አያጣብቅም። ሐዋርያውም ይህ ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ መሆኑን ሳይጠቅስ አላለፈም። የትርጓሜ ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዝና ከጉባኤው ሲወጣ በኮክ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ጉዳይ ግን አልገጠመውም።

የመሬቱም ነገር ነበር። በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። አንድ ማሳ ላይ «የአያቴ ነው» የሚል ተሟጋች በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ ይችል ነበር። በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው አለን ሆበን፣ የገበሬው ግማሽ ሕይወት ለርስት በመሟገት እንደሚያልፍ ጽፏል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከማሳው ይልቅ የሚታመነው ቤቱ የቆመበት ጓሮ ነበር። ጌሾውና ኮኩም ጓሮ ላይ የተወሰኑት ለዚህ ነው። ማሳ ላይ ዛፍ መትከል የርስት ክርክር መጋበዝ ነበር።

ከ1880ዎቹ እስከ 1933 ዓ.ም፦ ባሕር ዛፍ ቀደመ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ፣ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። ማገዶና የቤት እንጨት አልቆበት የነበረው ከተማ ተረፈ፤ ዛፉም ቀስ በቀስ አባይን ተሻግሮ የጎጃምን ደጋ ያዘ። ባሕር ዛፍ የፍራፍሬ ታሪክ ውስጥ ምን አገባው? የፍራፍሬ ዛፍ የሚያጣውን ሁሉ እርሱ ስለሚያገኝ ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በጎጃም ከብት በልቅ ይሰማራል፤ ያልታጠረ ለጋ ችግኝ ከተገኘ አይተርፍም። ባሕር ዛፍን ግን ከብት አይበላውም። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል። ገበሬው ዛፍ ልትከል ሲል ከዚህ ሌላ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

በዚህ መካከል ማዳቀልን የሚጠይቅ ፍሬ አገር ውስጥ ገባ። አቮካዶ በ1930 ዓ.ም ገደማ በሐረርጌ ሂርና በግል አትክልተኞች እጅ መተከሉ ይታወቃል። የአቮካዶ ዘር እንደ ሎሚ አይደለም፤ ከአንድ ዛፍ አሥር ፍሬ ብትተክል አሥር ዓይነት ዛፍ ታወጣለህ። አንዱ ቃጫ የበዛበት፣ ሌላው ፍሬው ዘር ብቻ፣ ሦስተኛው እጅግ ጣፋጭ ሊሆን ይችላል። ጣፋጩን ደግሞ ለማግኘት ከዛፉ ቅርንጫፍ ወስዶ ከማጣበቅ ሌላ መንገድ የለም።

ዘመኑ የፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። ጣሊያኖች በቆላማውና በመንገድ ዳር የእርሻ ጣቢያ ሲያቋቁሙ ቢቸና ሌላ ዓለም ነበረች። በላይ ዘለቀና ጭፍሮቹ የአባይን በረሃና የቢቸናን ገጠር ይዘው ጠላትን ከከተማ እንዳይወጣ አደረጉት። እዚህ ሰው ጫካ ገብቶ እየተዋጋ፣ እህል እየደበቀ ነው የኖረው። የጣሊያን አትክልተኛ ከነቢላዋው ቢቸና ገጠር ደርሶ ችግኝ የሚያጣብቅበት ሁኔታ አልነበረም። ይህን በቁጭት የሚያነሣው ይኖራል፤ እኔ ግን የዚያ ዘመን የቢቸና ሰው የመረጠው ትክክል ነበር እላለሁ።

1940ዎቹና 1950ዎቹ፦ በጨንቻ የበቀለው አፕል

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው ከጎጃም በጣም ርቆ፣ በጋሞ ደጋ ነው። በ1940ዎቹ በጨንቻ የነበሩ ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን የአፕል ችግኝ አምጥተው ተከሉ፤ በኋላ ሥራው በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እጅ ቀጠለ። ጨንቻ ደጋ ነው፣ ብርዱ ይበረታል። አፕል ደግሞ እንቅልፉን ለመጨረስ ብርድ ይፈልጋል።

ከአፕሉ ጋር አብሮ የመጣው ቅርንጫፉ የሚጣበቅበት ሥሩ ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው አይገነዘብም። በእንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ኢስት ሞሊንግ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ ሮናልድ ሃተን የተባለ ተመራማሪ ከእ.ኤ.አ. 1910ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓ የተቀላቀሉትን የአፕል ሥሮች ለይቶ ቁጥር ሰጣቸው። ኤም 9 የተባለው ዛፉን ድንክ ያደርገዋል። በኋላም ጣቢያው ከሜርተን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ጥጥ የመሰለውን የአፕል ቅማል የሚቋቋሙ ሥሮች አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቁት ኤምኤም 106 እና ኤምኤም 111 ከእነዚያ ናቸው። ዛሬ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የቆመ የአፕል ዛፍ ላይ ላዩን የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ዝርያ ቢሆንም፣ አፈር ውስጥ ያለው ሥር አብዛኛውን ጊዜ የኬንት ልጅ ነው።

የተማረ ባለሙያም በዚያው ዘመን መውጣት ጀመረ። ከአሜሪካው የኦክላሆማ እርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ጥር 1950 ዓ.ም በንጉሠ ነገሥቱ ተመረቀ። በ1958 ዓ.ም የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ፍራፍሬ የራሱ ተመራማሪ አገኘ፤ ጥቂት ቆይቶም መልካሳ ላይ ማዕከል ተከፈተ። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ማንጎና አቮካዶ ከውጭ እየመጡ እዚያ እየተሞከሩ ተባዙ። በእነዚህ ግቢዎች ማዳቀል የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። ከግቢው አጥር ወጥቶ የገበሬ ጓሮ መድረሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

1960 ዓ.ም፦ ሞጣና ቢቸና ሲያምፁ

በኅዳር 1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ምርትን ገምቶ ግብር ይጥላል። ለሌላው አገር ግብር ቢሆንም ለጎጃም ርስተኛ ከግብር በላይ ነበር። መሬቴ ከተገመተና ከተመዘገበ ነገ ይወሰዳል የሚል ስጋት ነበረው። የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። በገማቾቹ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ትጥቅ አመፅ ተለወጠ፤ ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት የአመፁ እምብርት ሆኑ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። ከወራት ግጭት በኋላ አገረ ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህን በፍራፍሬ ታሪክ ውስጥ ማስገባቴ ለምን እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል። በዚያው ዘመን በምርምር ጣቢያዎች የተሻሻለ ችግኝ እየተባዛ ነበር፤ ችግኙን ይዞ ገበሬ ዘንድ መሄድ ያለበት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቢቸና ላይ በዚያ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ መዝገብና ገመድ ይዞ የሚመጣ ገማች ማለት ነበር። ማሳህን ቆሞ የሚያይ ሰው ለምን እንደሚያይ ካልታወቀ፣ እጁ ላይ ያለው ችግኝ ቢሆንም አይታመንም። ይህ ጥርጣሬ ከአመፁ በኋላም ሳይበርድ ቆየ።

ከ1967 እስከ 1989 ዓ.ም፦ የመንግሥት እርሻ፣ የገበሬ ስጋት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ። በደቡብ ለጭሰኛው ነፃነት የሆነው አዋጅ ለጎጃም ርስተኛ የፈራው ነገር ሌላ መልክ ይዞ መጣበት ማለት ነበር።

በአዋሽ ሸለቆ የነበሩት የግል የፍራፍሬ እርሻዎች ተወረሱ። ኑራ ኤራ የአገሪቱ የብርቱካንና የመንደሪን እናት እርሻ ሆነ። የአዲስ አበባ ሰው ኢትፍሩት ሱቅ ተሰልፎ የሚገዛው ብርቱካን በአብዛኛው ከዚህና ከመሰል የመንግሥት እርሻዎች የሚመጣ ነበር። የብርቱካን ችግኝ በባዲንግ ነው የሚባዛው፤ ከተመረጠ ዛፍ አንዲት እንቡጥ ከነቅርፊቷ ተልጣ በሥሩ ችግኝ ላይ በቲ ቅርፅ በተሰነጠቀ ቅርፊት ውስጥ ትሰካለች። የመንግሥት እርሻ ሠራተኞች በዚህ ጥበብ ተካኑ። ሆኖም ዕውቀቱ እንደ ዛፉ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ቀረ። ጎጃም ላይ የብርቱካን ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ ከኑራ ኤራ አያመጣም፤ ገዝቶ ከበላው ፍሬ ይዘራል።

በ1978 ዓ.ም ገደማ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ መጣ፤ ጎጃምንም አልማረም። ቤቱን አፍርሶ ወደ ተደለደለ መንደር የሄደ ሰው ጓሮውን ትቶ ነው የሚሄደው። በርስት ዘመን እንኳ የሚታመነው ጓሮ አሁን የማይታመን ሆነ። በአዲሱ መንደር ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚያፈራ ዛፍ የሚተክል ሰው ይገኛል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

የመጨረሻውና ከሁሉ የመረረው ድልድል በ1989 ዓ.ም ሆነ። የአማራ ክልል መንግሥት ባካሄደው የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራሲ» ወይም «የፊውዳል ቅሬታ» ተብሎ የተፈረጀ ገበሬ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ማኅበር ያገለገለ ሁሉ የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ገባ። በምሥራቅ ጎጃም የዚህ ጠባሳ ገና አልጠፋም። መሬት በአንድ ስብሰባ እንደሚሄድ ያየ ሰው ማሳው ላይ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፍ በወራት ውስጥ ይታጨዳል።

ከ1995 ዓ.ም ወዲህ፦ ደብተሩና ምላጩ

የታሪኩ መጠምዘዣ በእኔ ግምት አንድ ቀጭን ደብተር ናት። የክልሉ የመሬት አዋጅ ቁጥር 46/1992 ከወጣ በኋላ፣ በስዊድን ዕርዳታ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ወረዳ ነበር። ባልና ሚስት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ። በ1998 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ ድጋሚ ድልድል እንዲሁ በስብሰባ እንዳይመጣ አደረገ፤ በቀበሌው ካሉ ባለይዞታዎች ቢያንስ 80 በመቶው ካልፈለጉት አይካሄድም ተባለ። ደብተሩ ሁሉን ክርክር አልፈታም። ግን ከ1967 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ጓሮ የእኔና የባለቤቴ ነው» የሚል ወረቀት ሣጥን ውስጥ ገባ። የዛፍ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው መልክ የያዘው።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ነገር ተደረገ። በየክልሉ የግብርና ሙያ ኮሌጆች ተከፈቱ፤ ከእነርሱ አንዱ መርጡለ ማርያም ላይ ነው። እሌኒ መልእክተኛዋን በላከችበት ዘመን ደብሯን ያነጸችበት አገር፣ ከ500 ዓመት በኋላ ወጣቶች ቢላዋ ይዘው ግራፍቲንግ የሚፈተኑበት ሆነ። ከየኮሌጁ የወጡት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየቀበሌው ሦስት ሦስት ሆነው ተመደቡ፤ አንዱ የሰብል፣ አንዱ የእንስሳት፣ አንዱ የተፈጥሮ ሀብት። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው ወራሚት የአትክልትና ፍራፍሬ ማዕከል ደግሞ ለክልሉ ችግኝ ጣቢያዎች የእናት ዛፍ ምንጭ ሆነ። በምዕራብ ጎጃም ቡሬ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በካናዳ ገንዘብ ይመራው የነበረው ፕሮጀክት ገበሬዎች ራሳቸው የተዳቀለ ችግኝ አባዝተው እንዲሸጡ አሠለጠነ።

ሦስተኛው ነገር ገበያው ነው። ጁስ ቤት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየወረዳ ከተማው ተከፈተ፤ ስፕሪስ የማያውቅ ልጅ ጠፋ። አቮካዶ ከጓሮ ፍሬነት ወጥቶ በኪሎ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ።

አፕሉም መጣ። የጨንቻ ገበሬዎች ፍሬ ከመሸጥ ይልቅ ችግኝ መሸጥ እንደሚያዋጣ ቀድመው ስለገባቸው የተዳቀለ ችግኝ ለአገሩ ሁሉ ላኩ። ቢቸናና ሞጣ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናቸው፤ የጮቄ ተራራ ወገብም ከዚያ በላይ ነው። ለአፕል ምቹ ነው ተባለ፤ ልክም ነው። ችግሩ ከችግኙ ጋር ስሙ አለመምጣቱ ነበር። አብዛኛው ገበሬ የገዛው «አፕል» የተባለ ነገር ነው። አና የተባለችው የእስራኤል ዝርያ ብርድ ብዙ ስለማትፈልግ ለእኛ አገር ትስማማለች፤ ለብቻዋ ስትተከል ግን በደንብ አታፈራም። ዶርሴት ጎልደን የተባለችው የባሃማስ ዝርያ አጠገቧ ሆና አበባቸው አንድ ጊዜ ሲፈካ ነው ንቡ ወዲያ ወዲህ ብሎ ፍሬ የሚያሲዘው። አንድ ችግኝ ብቻ የገዛ ሰው አበባ አይቶ ፍሬ ሳያይ የቀረው ለዚህ ነው። ብዙዎች ተናደው ዛፉን ቆረጡት። ጥቂቶች ደግሞ ከጎረቤት የዶርሴትን ቅርንጫፍ ለምነው በአናዋ አንድ ክንድ ላይ አጣበቁ፤ በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዝርያ ሆነ፤ ፍሬውም መጣ። ማዳቀል ከችግኝ ጣቢያ ወጥቶ የጓሮ ሙያ የሆነው በእንዲህ ያለ ቦታ ይመስለኛል።

ሥራው ሲሠራ ምን ይመስላል? አቮካዶን እንውሰድ። ከአገር ዛፍ የተገኘ ዘር በፕላስቲክ ከረጢት ተዘርቶ በዳስ ጥላ ሥር ይበቅላል። ግንዱ እንደ እርሳስ ሲወፍር ከላይ ይቆረጥና ጫፉ ወደ መሐል ይሰነጠቃል። ከእናት ዛፉ ደግሞ እንቡጡ ያበጠ፣ ገና ያልፈነዳ ቀንበጥ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ ተመልምሎ ግርጌው በሁለቱም ጎን እንደ ሽብልቅ ይቀረፃል። ቢላዋው የተሳለ መሆን አለበት፤ የቢቸና ሰው አዲስ ምላጭ ይመርጣል። ሽብልቁ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከሽፋኑ ጋር መግጠም አለበት። ግንዱ ከቀንበጡ ከወፈረ መሐል ላይ ማስገባት ዋጋ የለውም፤ ወደ አንድ ጎን ይጠጋል፣ ቢያንስ በዚያ በኩል ቅርፊት ከቅርፊት ይገናኛል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መሐሉን አሳምሮ ዳሩን ይስታል። ከዚያ በቀጭን የተሸነሸነ ፌስታል ይጠመጠማል፣ ከላይም ትንሽ ፌስታል ተደፍቶ ይታሰራል፤ ቀንበጡ የሚሞተው ከቁስሉ ይልቅ ደርቆ ነው። ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ እንቡጡ ካረነጓደ ይዟል ማለት ነው። ከሥሩ የሚያቆጠቁጠውን በየጊዜው መቁረጥ ያስፈልጋል። እርሱን የዘነጋ ሰው ከዓመት በኋላ የሚያሳድገው ያጣበቀውን ሳይሆን የአገሩን ዛፍ ይሆናል።

ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ይጀምራል፤ ቅርንጫፉ ቀድሞም ከጎለመሰ ዛፍ የተወሰደ ነውና። ለብዙ ሥርዓት ለተንገላታ ገበሬ ይህ የዓመታት ልዩነት ከጣዕሙ ይበልጣል። ደብተሩ ላይ ያለው እምነት ስንት ዓመት እንደሚቆይ እርሱ በልቡ ያሰላዋል።

ከ2005 ዓ.ም ገደማ ወዲህ፦ የሀስ ዘመን

ያለፉት ዐሥር ዓመታት ስም ሀስ ነው። ውጭ አገር የሚገዛው ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር አቮካዶ ነው። ታሪኩ ራሱ የማዳቀል ታሪክ ነው፤ የከሸፈ ማዳቀል።

ሩዶልፍ ሀስ በካሊፎርኒያ ፖስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ትንሽ የአትክልት ቦታ ገዝቶ የአቮካዶ ዘር ተከለ፤ ዕቅዱ በዘመኑ ዝነኛ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ ዝርያ በችግኞቹ ላይ ማጣበቅ ነበር። ባለሙያ ቀጥሮ አሠራው። አንዷ ችግኝ ላይ ግን ቅርንጫፉ አልያዘም አለ። ቆርጦ ሊጥላት ሲል ባለሙያው «ተዋት» አለው። ዛፏ ስታፈራ ልጆቹ ከፉዌርቴው ይልቅ የእርሷን ፍሬ ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ሀብታም ግን አላደረገውም፤ ፖስታ ማመላለሱን ቀጠለ። እናት ዛፏ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር አበስባሽ በሽታ ሞተች። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የሀስ ዛፍ ሁሉ፣ የጎጃሙም ጭምር፣ ከእርሷ ቅርንጫፍ በተከታታይ የተቆረጠ ነው።

በአማራ ክልል ሀስ በስፋት የተተከለው መራዊ አጠገብ ባለው በቆጋ መስኖ ነው። 7,000 ሄክታር የሚያጠጣው ይህ ግድብ ለገበሬው በበጋም ውሃ ስለሚሰጥ ችግኙ አይደርቅም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የአረንጓዴ ዐሻራ፣ ኋላም የሌማት ትሩፋት ዘመቻዎች የፍራፍሬ ችግኝን በየወረዳው አደረሱ።

ቢቸና ላይ ግን ሀስን የሚገጥሙት ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከፍታው ነው፤ በ2,500 ሜትር ላይ ውርጭ ለጋ አቮካዶን ይመታል። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ቢቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ ሜዳ ዋልካ ነው፤ ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ፣ በክረምት ግን ውሃ የሚያቁር። ያቺን የካሊፎርኒያ እናት ዛፍ የገደለው የሥር አበስባሽ ውሃ በቆመበት መሬት ይበረታል። አቮካዶ በዋልካ ላይ የሚተክል ሰው አፈር ከምሮ፣ ቦይ ቀድዶ በጉብታ ላይ ካልተከለ ሁለተኛ ክረምት ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ያያል። ኤምኤም 106 የተባለው የአፕል ሥርም ለዚሁ ችግር ይጋለጣል። የማዳቀል ትልቁ ጥቅም በመሠረቱ ይህን ለመፍታት ነው፤ ላዩን ለገበያ መምረጥ፣ ሥሩን ለአፈር። ለዋልካ የሚሆን የተሞከረ ሥር ለገበሬው ተለይቶ እስካልቀረበ ድረስ የቢቸና ጓሮ ግማሹን ጥቅም ብቻ ነው እያገኘ ያለው። ላዩን የሚያስተምር ሥልጠና በዝቷል፤ ስለ ሥሩ የሚያወራ ጥቂት ነው።

ችግኝ ሲጓዝ ደግሞ ተባይ አብሮ ይጓዛል። በ2002 ዓ.ም በምሥራቅ ወለጋ የታየው የማንጎ ነጭ ልባስ ተባይ ከጥቂት ዓመት በኋላ አማራ ክልል ደርሷል፤ በአባይ በረሃ ያለውን የዘር ማንጎም አያስቀርም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቅርንጫፍ መቀበል ውርሱን ከነዕዳው መቀበል ነው።

በ2015 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣ። ምሥራቅ ጎጃም ከተጎዱት ነው፤ የደጀን፣ የቢቸና፣ የሞጣ መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ከረጢት ውስጥ ያለ ችግኝ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው። መኪና ሲቀር ገበሬው የሚቀረው አጠገቡ ባለው ዛፍ ነው። የአቮካዶ ቀንበጥ ከተቆረጠ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ከጥቂት ቀን በላይ አያስተማምንም፤ ስለዚህ ምርጡ ዛፍ በእግር ከሚደረስበት አገር ውጭ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። አፕል ግን ሌላ ነው። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ረግፎ፣ ወይም እንደ ጨንቻዎች በእጅ ተለቅሞ የተቆረጠ የአፕል ቅርንጫፍ በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ለሳምንታት ይታገሣል። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት በጮቄ ደጋ ከቀበሌ ቀበሌ በእጅ ሊሻገር የሚችለው እርሱ ነው።